ያልተቆላው አኩሪ አተር

ከቡታጅራና ከወልቂጤ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ጓደኞቼ "ጉራጌ አገር ሄደህ ክትፎ ጠገብክ አይደል?" ይሉኛል፤ እኔም "ጠገብኩ" እላለሁ። እውነት ነው፣ ጠግቤያለሁ። ግን የጠገብኩበትን ቤት ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ያን መንገድ ሄዳችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማትሄዱ ብዙ ናችሁና ከመነሻው እስከ መመለሻው በየቀኑ የሆነውን ልጻፍላችሁ። ራሴን ደህና ሰው አድርጌ የማቀርብባቸው ቦታዎች ሞልተው ነበር፤ አላደርገውም።

ሥራዬ የዓሣ መኖ ነው። ሐዋሳ ተቀምጬ፣ ኩሬ ቆፍረው ዓሣ የሚያረቡ ገበሬዎችን ስለ አመጋገብ አሠለጥናለሁ። ዓሣ ሐይቅ ውስጥ ሲኖር የሚበላውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ኩሬ ውስጥ ከገባ ግን የሚበላው እኛ የሰጠነውን ነው። ከዓሣ ተረፈ ምርት የሚዘጋጀው ዱቄት እንደ ልብ ስለማይገኝ በአኩሪ አተር፣ በኑግ ፋጉሎና በፉርሽካ እንዲተኩት እንመክራለን። ምክሩ ጥሩ ነው። ጥራጥሬ ለዓሣ ሆድ የራሱ ጣጣ እንዳለውም ተማሪ ሳለሁ በደንብ ተምሬአለሁ። መማሬን እዚህ ላይ የማነሳው አላውቅም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ነው።

ሰኞ

ከሐዋሳ የተነሳሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴ ወፍራም ሹራብ እንድይዝ ለምናኝ ነበር፤ "ቡታጅራ ደብረ ብርሃን አይደለም" ብዬ ትቼው ወጣሁ። እስከ ባቱ በአንድ ሚኒባስ፣ ከባቱ ቡታጅራ ደግሞ በሌላ ሚኒባስ ነው የሚኬደው። ለናሙና የያዝኩትን መኖ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሬ ወንበሬ ሥር ከተትኩት።

ፀሐይዋ ከረር ስትል መኖው መሽተት ጀመረ። የዓሣ ዱቄት ያለበት መኖ በተዘጋ መኪና ውስጥ እንዴት እንደሚሸት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው "ወንድሞቼ፣ ጫማውን ያወለቀ ሰው ካለ በእናቱ ይልበስ!" አሉ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሁሉም የጎረቤቱን እግር ማየት ጀመረ። እኔም ጎንበስ ብዬ አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት እግር አየሁ። ሰውዬው ደንግጠው እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰበሰቡ፣ እስከ ባቱም እንደሰበሰቡ ሄዱ። ከረጢቱ የኔ መሆኑን እያወቅሁ ነው ያየኋቸው። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የቆጠርኩት።

ከባቱ ወደ ቡታጅራ ሲታጠፉ አገሩ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ግራርና አቧራ ወደ ኋላ ይቀርና በርበሬ ማሳ ይመጣል፣ ከዚያ በየቤቱ ጓሮ እንሰት ይቆማል። እኛ ጋ ነፋስ ከሐይቁ ነው የሚመጣው፣ ሞቅ ያለና ዓሣ ዓሣ የሚል። ቡታጅራ ላይ ነፋሱ ከተራራው ይወርዳል። ገና ከመኪና እንደወረድኩ ሹራቡ ትዝ አለኝ።

መናኸሪያው በር ላይ አቶ ሸምሱ ይጠብቁኝ ነበር። አቶ ሸምሱ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ግማሽ ነጋዴ ግማሽ ገበሬ የሆኑ የመስቃን ሰው ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ አሥራ ሁለት ሰዎች በጋራ ኩሬ ቆፍረው ያቋቋሙት የዓሣ ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት እነዚህን ሰዎች ቡታጅራ ላይ ሁለት ቀን አሠልጥኛቸው ነበር። አሁን መንገዴ ወልቂጤ ለሌላ ሥልጠና ቢሆንም "ሳያዩን እንዳያልፉ" ብለው በስልክ አስምለውኛል።

"አሰላሙ አለይኩም ዶክተር! እንኳን ደህና መጡ፣ እንኳን ደህና መጡ" ብለው ከረጢቱን ከእጄ ነጠቁኝ። ሽታው ሲደርሳቸው እንኳ ፊታቸው አልተለወጠም። ዶክተር አይደለሁም። በመጀመሪያው ሥልጠናም ዶክተር ሲሉኝ አላረምኳቸውም፣ አሁንም አላረምኩም።

ቤታቸው ስገባ የተደረገልኝን በዝርዝር ልንገራችሁ። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። አቶ ሸምሱ ይህን አስበው ከሁለት ቀን በፊት ክርስቲያን ጎረቤታቸው ዘንድ ሄደው፣ ሥጋው ከክርስቲያን ሥጋ ቤት እንዲገዛ፣ ክትፎው እዚያው በጎረቤትየዋ ዕቃ እንዲዘጋጅ አድርገዋል። ጎረቤትየዋ ክትፎውን፣ አይቡንና ጎመኑን ከነጣባው ተሸክመው መጡና ፊቴ አኖሩት። አቶ ሸምሱ ከራሳቸው ሳህን እየበሉ ከፊቴ ተቀምጠው "ይጨምሩ እንጂ" እያሉ ያዩኝ ነበር። ሐዋሳ እንግዳ ሲመጣብኝ ሆቴል ነው የምወስደው፤ ሰው ስለ እኔ ሆድ ሁለት ቀን ሲያስብ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

"አየህ" አሉኝ፣ ወዲያው "አዩ" ብለው አረሙ፣ "ኩሬውን የቆፈርነው ለዚህ ነበር። ዓሣ አይታረድ፣ ቢላ ላይ ስም አይጠራበት። ለሠርግም ለለቅሶም እኛና እነሱ አንድ ትሪ ላይ እንቅረብ ብለን ነበር። አላህ አላለውም፣ አንደኛው ዙር አለቀብን።"

"እንዴት አለቀ?" አልኩ።

"ከሳና አለቀ። ይበላል ይበላል፣ አያድግም። ጭንቅላቱ ብቻ ትልቅ ሆነ። ክረምት ሲገባ በየቀኑ ተገልብጦ ይንሳፈፍ ጀመር።"

ክትፎውን አስቀመጥኩት። የጠረጠርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ግን ጥርጣሬዬን ለመግፋት ቸኮልኩ።

በዚህ መሃል በአጥሩ በኩል አንዲት ሴት አለፈች። ከቤቱ ሰዎች አንዱ "ቆሎ አለፈች" ሲል ሌሎቹ ፈገግ አሉ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። "ቆሎ ማናት?" ብዬ ጠየቅኩ።

አቶ ሸምሱ ሳቁ። "ረሱት እንዴ? ስሙን ያወጡላት እርስዎ ነዎት! ዘይነባ ናት። ሥልጠናው ላይ 'አኩሪ አተሩ አይቆላም ወይ?' ብላ ስትጠይቅ 'ዓሣ ቆሎ የሚቆረጥምበት ጥርስ የለውም' አሏት። ያን ቀን የሳቅነው! ከዚያ ወዲህ ዘይነባ ቆሎ ሆና ቀረች።"

አስታወስኳት። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ነበረች። አማርኛዋን እየፈለገች "ለልጅ ጥሬ ባቄላ አንሰጥም፣ ሆዱን ይነፋዋል። ይሄስ ለዓሣው አይቆላም ወይ?" ነበር ያለችው። ሰው ማንቀላፋት ጀምሮ ነበር፤ ቀልዱ ነቃ ያደርጋቸዋል ብዬ ወረወርኩት። ከኔ በዕድሜ የማታንሰውን ሴት "አንቺ" ብዬ ነበር ያነጋገርኳት። በሳቁ ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ።

"ታዲያ ያኔ መኖውን የምትሰጠው እሷ ነበረች" አሉ አቶ ሸምሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የመጋዘኑ ቁልፍ በእጇ ነው። ዓሣው ሲከሳ ሰው አኩሪ አተሩን ወደ ቤቷ ትወስዳለች አለ። እኔ አላመንኩም ነበር። አንድ ቀን ግን ቤቷ አኩሪ አተር ስትቆላ ተገኘች። አልፈረድንባትም፣ አላህ ይወቀው። ቁልፉን ብቻ ተቀበልናት።"

ከክትፎው የተረፈውን እንድጨርስ ሲያስገድዱኝ ጨረስኩት። ጣዕሙን አላውቀውም።

ማክሰኞ

ጠዋት ኩሬዎቹን ለማየት ሄድን። ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ደርቀው ሣር በቅሎባቸዋል፣ በሦስተኛው ከወራት በፊት ሁለተኛ ዙር የዓሣ ጫጩት ገብቶበታል። ከላይ ምንጭ አለ፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው። የሐዋሳን ሐይቅ አረንጓዴ ውሃ ለለመደ ዓይን ያስቀናል። አፈሩም ኩሬውም ለዓሣ የተሠራ ይመስላል። የጎደለው ነገር ውሃው ውስጥ አልነበረም።

መረብ አስጥዬ ጥቂት ዓሦች አወጣሁ። ቆሮሶ የሚባለው ዝርያ ናቸው፤ እኛ ጋ በዚህ ዕድሜ መዳፍ የሚሞሉ ዓሦች እነሱ ጋ ጣት አይሞሉም። ጭንቅላታቸው ገኖ ወገባቸው ቀጥኗል። አንዱን በቢላ ከፈትኩት። የጤነኛ ዓሣ አንጀት ነጣ ያለና ጠንከር ያለ ነው፤ ይህኛው ቀልቷል፣ ስነካው ተበጠሰ።

"ወረቀቱን አምጡልኝ" አልኩ። የሥልጠናውን ወረቀት ማለቴ ነው። አቶ ሸምሱ ራሳቸው ከመጋዘኑ አወጡት። በፕላስቲክ ሸፍነው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ አቧራ ሳያስነኩ ነበር ያኖሩት። ፊርማዬ ከታች አለ፤ ከላይ በሌላ ሰው እጅ "ዶክተር" ተብሎ ተጽፎበታል። አነበብኩት። "አኩሪ አተር፣ በደንብ የተፈጨ" ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ይቆላ ወይም ይቀቀል የሚል ቃል የለም።

ነገሩ ቀላል ነው፣ ማንም ይረዳዋል። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ሆድ ምግቡን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለ፤ እሳት ሲነካው ይጠፋል። እሳት ካልነካው ዓሣው እየበላ ይራባል፣ አንጀቱ ይቆስላል፣ ብርድ ሲመጣ መቋቋም ያቅተዋል። ሐዋሳ የምንጠቀምበት ከዘይት መጭመቂያ የሚመጣ፣ እሳት ያለፈበት የአኩሪ አተር ፋጉሎ ነው። ወረቀቱን ስጽፍ ያየሁት እሱን ነው። ገበሬው ከማሳው አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ጥሬውን ወፍጮ ቤት እንደሚወስደው አላሰብኩም። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ያሰበችው አንዲት ሴት ነበረች፣ እሷንም አሳቅሁባት።

ቀና ስል ዘይነባ አጥሩ ጋ ቆማለች። ወደ ኩሬው እንዳትገባ የከለከላት ሰው አልነበረም፤ ግን አልገባችም። "እንኳን ደህና መጡ" አለችኝ። "እንኳን ደህና ቆየሽ" አልኳት እያቀረቀርኩ።

"ሆዱን ከፈቱት?"

"አዎ።"

"ቀልቷል አይደል?"

"ትንሽ" አልኩ።

መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና በመጣችበት ሄደች።

አቶ ሸምሱ ጠጋ አሉኝ። "ዶክተር፣ ምን አገኙ?"

ያን ሰዓት እውነቱን ብናገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። አፌ ግን "ውሃው ሳይቀዘቅዛቸው አልቀረም" አለ። "ለጊዜው አኩሪ አተሩን አቁሙት፣ ሆዳቸው እስኪያገግም ፉርሽካ ብቻ ስጧቸው።" ዓሣዎቹን እያዳንኩ ራሴንም ማዳኔ ነበር። በጣም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሰውዬው ውሃውን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና "እንግዲያው ዘይነባ አልሰረቀችም ማለት ነው?" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወቴ ሁለተኛ አልጠየቅም። አዎ ይበሉኝ ብለው የለመኑኝ ያህል ነው።

"እሱን እኔ አላውቅም" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዱዓ አደረጉልኝ። እጃቸውን ዘርግተው መንገዴን እንዲያቀናልኝ፣ ዕውቀቴን እንዲጨምርልኝ፣ ልጆቼን እንዲያሳድግልኝ ለመኑ። እያንዳንዱን ልመና "አሚን" እያሉ ሲዘጉ እኔም እጄን ዘርግቼ አብሬ "አሚን" አልኩ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ረቡዕ

ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ ተራራውን አቋርጦ ጉብሬ የሚወጣ መንገድ አለ። አቶ ሸምሱ የራሳቸውን ጋቢ አልብሰውኝ መኪናው ላይ አሳፈሩኝ፤ "ስመለስ እልክልዎታለሁ" ብላቸው "ለጋቢ ደግሞ!" ብለው ተቆጡኝ። ተራራው ላይ ስንወጣ ጉም ዋጠን። ገብስ፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ገብስ። ሐዋሳ እንዲህ ያለ ብርድ አናውቅም። ባለቤቴን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ለሷ ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነውና።

ጉመር ላይ ጎማ ተነፈሰ። ተጠባባቂው ጎማም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሾፌሩ ይህን ያውቅ እንደነበር ከፊቱ ያስታውቃል። ሌላ ጎማ ከታች እስኪመጣ ተሳፋሪው በሙሉ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ሰፊ የመንደር ሜዳ ገባ። በሜዳው ግራና ቀኝ ጎጆዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል፣ ሣሩ የታጨደ ይመስላል። አንዲት እናት ከቤታቸው ወጥተው እንዲያው ቆመን ሲያዩን በጉራጌኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ወዲያው ቆጮና ያለ ቅቤ የተሠራ ጎመን መጣ። ረቡዕ መሆኑን አስበው ነው። ስማችንን አልጠየቁም። ሾፌሩ ሁለተኛ ጊዜ ሲቆርስ "አንተ ደግሞ ጎማህን ብላ" አሉት በአማርኛ፤ ሁላችንም ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። ጥፋቱን በዚያች ቀልድ ከፍሎ ጨረሰ። ቀናሁበት።

ወልቂጤ ስደርስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ወልቂጤ ከቡታጅራ ትሞቃለች፤ ባጃጁ፣ ጩኸቱና በየሱቁ በር የተደረደረው ዕቃ ሰፈሬን አስታወሰኝ። ሥልጠናውን የሚያስተባብረው ግርማ የሚባል የጎጃም ሰው ነው፤ እዚህ ከኖረ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ከገበያ ሴቶች ጋር በጉራጌኛ ይከራከራል። ከሰዓቱን ጉብሬ አጠገብ ባለ አዳራሽ አሠለጠንኩ። አኩሪ አተር ላይ ስደርስ "ቆልታችሁ ወይም ቀቅላችሁ መሆኑን መቼም ታውቃላችሁ" ብዬ አለፍኩ። ሁልጊዜ ስለው የኖርኩ ይመስል።

ከሥልጠናው በኋላ ግርማ ቤት ሄድን። ባለቤቱ የጾም ሽሮ ሠርታ ነበር። ግርማ ገና አንድ ጉርሻ ሳይጎርስ "ዛሬ መቆላቱን ያነሳኸው ደግ አደረግህ" አለኝ። "ቡታጅራ ያለች አንዲት ሴትዮ ስልኬን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ሦስት ጊዜ ደውላልኛለች። 'ወረቀቱ ተሳስቷል፣ አስተካክሉት' ትላለች። 'እኔ ቤቴ ቆልቼ ሞክሬዋለሁ፣ የኔዎቹ አድገዋል' ትላለች።"

"ምን አልካት?"

"ምን እላታለሁ! 'አንቺ ከዶክተሩ ልትበልጪ ነው?' አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ አልደወለችም።" ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ እሱም ተወው። "ለካ ልክ ነበረች?"

"ልክ ነበረች። እኔም ዶክተር አይደለሁም" አልኩት።

ግርማ እጁን ከሽሮው አነሳ። የሴትዮዋን ታሪክ፣ ቁልፉን፣ ሌባ መባሏን ነገርኩት። ቤቷ የተገኘው የተቆላ አኩሪ አተር ለሙከራ የወሰደችው መሆኑ ለኔም የገባኝ ለሱ ሳወራለት ነው። በማግሥቱ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ቤቴ መመለስ ነበረብኝ። "ጠዋት ወደ ቡታጅራ የሚሄድ መኪና ፈልግልኝ" አልኩት።

ሐሙስ

ያንኑ ተራራ መልሼ ወጣሁ። ጎማ አልተነፈሰም፣ ጉምም አልነበረም። መኪናው ቢበላሽ ደስ ባለኝ ነበር፤ ምክንያት ፈልጌ ሳላገኝ አራት ሰዓት ላይ ቡታጅራ ገባሁ።

አቶ ሸምሱ ጋቢውን ልመልስ የመጣሁ መስሏቸው ሊቆጡ ተነሡ። "የማኅበሩን ሰዎች ይጥሩልኝ፣ ወይዘሮ ዘይነባም ይምጡ" አልኳቸው። ግቢያቸው ውስጥ ዘጠኝ ሰው ተሰበሰበ። ዘይነባ መጨረሻ ላይ መጣችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ተነሥቼ ቆምኩ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ሳይንስ ይጀምር ነበር። ተውኩት። "ዓሣችሁን የገደልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ወረቀቱ ላይ አኩሪ አተሩ ይቆላ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፣ አልጻፍኩም። ወይዘሮ ዘይነባ ጠየቁኝ፣ እኔ ቀለድኩባቸው። ማክሰኞ ኩሬው ላይ ቆሜ አወቅሁት፣ ዋሸኋችሁ። ውሃው ምንም አልሆነ። እሳቸውም አልሰረቁም፤ የቆሉት እኔ ያልመለስኩትን ጥያቄ ሊመልሱ ነው። ሌላም አለ። ዶክተር አይደለሁም።"

ከዚያ አንድ ሽማግሌ "ሰው ነው፣ ይሳሳታል፣ አይዞዎት" አሉ። ሌላው "አላህ ይስጥልን፣ ሌላ ሰው ቢሆን አይመለስም ነበር" አለ። ሦስተኛው ወንበር አቀረበልኝ። ሁሉም እኔን ለማጽናናት ተሯሯጡ። በሩ አጠገብ ያለችውን ማንም ዞር ብሎ አላያትም። እኔም ይህን ያየሁት ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

አቶ ሸምሱ ግን ከወገባቸው የመጋዘኑን ቁልፍ ፈቱና ወደ በሩ ሄዱ። "ዘይነባ" አሉ። ቆሎ አላሉም። "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

ቁልፉን አልተቀበለችም። እኔን ነበር የምታየው።

"እኔ ለዓሣው ብዬ አይደለም ያዘንኩት" አለች። አማርኛዋ ዛሬም ቀስ ያለ ነው። "ዓሣ ይሞታል፣ ሌላ ይመጣል። ልጄ ተድራ የሄደችበት ቤት ድረስ 'እናትሽ ሌባ' ተባለች። ያ በእርስዎ ወረቀት ነው። መቆላቱን ወረቀቱ ላይ ጻፉበት። አሁን፣ እዚሁ።"

ወረቀቱ ከመጋዘን መጣ። ፕላስቲኩን ገፍፈን "አኩሪ አተሩ መጀመሪያ ይቆላ፣ ከዚያ ይፈጭ" ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት። ማንበብ አትችልም፤ "ያንብቡልኝ" አለች። አነበብኩ።

"ያለው ማን እንደሆነም ይጻፉ።"

"ስም ከነአባት?" አልኩ።

"ዘይነባ ከድር።"

ጻፍኩ። ከሥሩ የኔን ፊርማ አኖርኩ፤ ዶክተር የሚለውን ከላይ ሰርዤ። ያኔ ቁልፉን ከአቶ ሸምሱ እጅ ወሰደችና መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።

ምሳ ወደ እሷ ቤት ጠራችን። ከቤቷ ጀርባ ሦስት በር የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራ በላስቲክ አልብሳዋለች። መኖውን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ ውሃ ውስጥ እንዳይበተን በቡላ አቡክታ እንደ ጥሬ ፓስታ ቆራርጣ ታደርቀዋለች። መኖ ውሃ ውስጥ እንዳይፈርስ እኛ ሐዋሳ ስንት ዓመት ተከራክረንበታል። ቡላን ያሰበ ሰው አልነበረም። ከጉድጓዱ ያወጣቻቸው ዓሦች መዳፍ ይሞላሉ። ጠብሳ በአንድ ትሪ አቀረበችው። አቶ ሸምሱ፣ ክርስቲያኗ ጎረቤታቸው፣ ሽማግሌዎቹና እኔ ከዚያው ትሪ ላይ በላን። ኩሬው የተቆፈረበት ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ የተፈጸመው በሌባዋ ጓሮ ነው። እሷ እያቀረበች እንጂ እየበላች አልነበረም፤ "ብሉ፣ ብሉ" ከማለት በቀር ለኔ የተናገረችው ነገር የለም።

ዓርብ

አቶ ሸምሱ ጋቢውን አልተቀበሉኝም። መናኸሪያ ሊሸኙኝ ሲመጡ ዘይነባም በእግሯ መጥታ ነበር። ገና የሚሞቅ ፌስታል እጄ ላይ አኖረች። የአኩሪ አተር ቆሎ ነው።

"ዓሣ ጥርስ የለውም ብለውኝ ነበር" አለች። "እርስዎ ግን አለዎት። ለመንገድ ይሁንዎ።"

ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። መኪናው እስኪነሳ አልጠበቀችም።

ባቱ ላይ ቀይሬ ወደ ሐዋሳ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የቆሎው ሽታ መኪናውን ሞላው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ኧረ ማነው ቆሎ የያዘ? ምን ደስ ይላል ሽታው!" አሉ። በዚህኛው ጊዜ የማንንም እግር አላየሁም። "እኔ ነኝ" ብዬ ፌስታሉን ፈታሁት። እፍኝ ዘገኑ።

"ጥሩ ተቆልቷል። ሚስትህ ናት የቆላችው?"

"አይደለችም። ዘይነባ ከድር የምትባል የቡታጅራ ሴት ናት" አልኳቸው።

"ምንህ ናት?"

መልሱ አጭር አልነበረም፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ከሥልጠናው አዳራሽ ጀምሬ ቁልፉን መቀነቷ ላይ እስከቋጠረችበት ድረስ ነገርኳቸው። እናትየዋ እየቆረጠሙ ሰሙኝ። አዳራሹ ውስጥ የቀለድኩት ላይ ስደርስ መቆርጠማቸውን አቆሙ፤ ሌባ መባሏን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ስጨርስ ቀና ብለው አዩኝ።

"እና ስትጠይቅህ ሳቅክባት?" አሉኝ።

"ሳቅኩባት" አልኩ።

እጃቸው ውስጥ የቀረውን ቆሎ ወደ ፌስታሉ መልሰው አፈሰሱትና ወደ መስኮቱ ዞሩ።